የብርሃኑ ዘሪሁንን ጎንደር በአንድ ቀን፦ መጽሐፍ ይዞ ለሚሄድ ተጓዥ ዝርዝር መመሪያ

ደራሲና ጋዜጠኛ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1920ዎቹ አጋማሽ ጎንደር ተወለደ፤ በ1979 ዓ.ም. አረፈ። አዲስ ዘመን ጋዜጣን በአዘጋጅነት መርቷል። አጭርና ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገርን በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ ካስለመዱት ደራሲያን አንዱ ነው። ከሥራዎቹ መካከል «የቴዎድሮስ ዕንባ» እና «የታንጉት ምስጢር» በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ላይ የተጻፉ ናቸው። ይህን መመሪያ ለመጻፍ ምክንያት የሆነንም ይኸው ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ያቃጠሉ ንጉሥ ናቸው። የንጉሡን ዕንባ የመጽሐፉ ርእስ ያደረገው ደግሞ በተቃጠለችው ከተማ የተወለደ ሰው ነው። ጎንደርን ይህን ይዞ የሚዞር ሰው፣ ግንብ ቆጥሮ ከሚመለሰው ጎብኚ የተለየች ከተማ ያያል።

ስለዚህ መድረሻችሁ «ደራሲው የተወለደበት ቤት» አይሁን፤ ከተማው ራሱ ይሁን። «ቤቱ የቱ ጋ ነው?» እያሉ ሰፈር ለሰፈር መዞር ስድስት ሰዓት ተኩል ብቻ ካለው ቀን ላይ ሁለቱን ይበላል፤ የሰው ግቢ ማንኳኳትም ነውር ነው። እዚህ ያለው መመሪያ ከባሕር ዳር ማለዳ ተነስቶ ማታ ለሚመለስ ሰው የተዘጋጀ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው የመንገዱን ክፍል ዘሎ ከከተማው ይጀምር። የሚያርፍበት ማረፊያም ቢሆን በአፄ ቴዎድሮስ ስም የተሰየመ ነው፤ አዘዞ ላይ ነው።

ከመነሳት አንድ ሳምንት በፊት፦ መጽሐፉ

ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ሁለቱንም በሳምንት እጨርሳለሁ ብሎ መጀመር ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ሳይጨርሱ መሄድ ይሆናል። ጊዜ ከሌላችሁ «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን ውሰዱ።

መጽሐፉን ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የምትገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር ተመልከቱ። መጀመሪያ የገጽ ቁጥሩን ከፊት እስከ ኋላ አገላብጡ፤ መሃል ላይ አሥርና አሥራ ስድስት ገጽ የጎደለበት ቅጂ ገበያ ላይ አይጠፋም። ቀጥሎ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ መሆኑን አጣሩ፤ በፎቶ ኮፒ ላይ የገጹ ውስጠኛ ጠርዝ ተቆርጦ የየመስመሩ የመጨረሻ ፊደል የጠፋበት ያጋጥማል። በመጨረሻም የኅትመቱን ዘመን እዩ፤ ገጽ እየጠቀሳችሁ ከጓደኛ ጋር ለመነጋገር አንድ ዓይነት ኅትመት ያስፈልጋችኋል። በእጃችሁ ያለው የቆየ ቅጂ ከሆነ ቤት ይቅር። የምትፈልጉትን ሃያ ሠላሳ ገጽ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፤ ክረምት ከሆነ በላስቲክ ጠቅልሉት።

ስታነቡ እርሳስና ቁርጥራጭ ወረቀት አይለያችሁ። የቦታ ስም በተጠራ ቁጥር ገጹ ላይ ወረቀት ሰክታችሁ የቦታውን ስም ጻፉበት። ካነበባችሁ በኋላ አንድ ሉክ ወረቀት ለሦስት ዓምድ ክፈሉ። በመጀመሪያው የቦታውን ስምና ገጹን፣ በሁለተኛው መጽሐፉ ስለ ቦታው የሚለውን በአንድ መስመር ጻፉ። ሦስተኛውን ባዶ ተዉት፤ እሱ የሚሞላው ጎንደር ላይ ቆማችሁ በዓይናችሁ ባያችሁት ነው። ይህ ወረቀት ከምትይዙት ዕቃ ሁሉ ይበልጣል። ያለ እሱ የሄደ ሰው የፋሲል ግቢ በር ላይ ቆሞ መጽሐፍ ሲያገላብጥ አስጎብኚው ጥሎት ይሄዳል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ልቦለድ ልቦለድ ነው። በታሪክ የኖሩ ሰዎች ከደራሲው ፈጠራ ጋር ተቀላቅለው ይቀርባሉ። ካህንን ወይም አስጎብኚን «ታንጉት የኖረችበት ቤት የት ነው?» ብሎ መጠየቅ መልስ ፍለጋ ለማያውቁት ነገር ታሪክ እንዲፈጥሩ መግፋት ነው፤ ብዙ ሐሰተኛ ትረካ የሚወለደውም እንዲህ ነው። «በቴዎድሮስ ጊዜ ይህ ቦታ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከመጽሐፉ ጋር የሚያዝ አጭር የዘመን ሰሌዳ

የሚከተሉትን ዓመታት በወረቀታችሁ ጀርባ ጻፉ። ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

1628፦ አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ አደረጉ።
1811 ገደማ፦ ካሳ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ ተወለዱ። አገራቸው ቋራ ነው።
1839፦ ካሳ ጎንደርን ከራስ አሊ እናት ከእቴጌ መነን እጅ ያዙ።
1847፦ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።
1859፣ ኅዳር፦ ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ። ከዚያ ቀደም ብሎም አንድ ጊዜ ዘርፈዋት ነበር።
1860፦ መቅደላ ላይ ሞቱ።
1880፦ ድርቡሽ (የሱዳን መሐዲ ተከታዮች ጦር) ጎንደርን አቃጠለ።
1928፣ መጋቢት፦ የጣሊያን ጦር ጎንደር ገባ።
1934፣ ኅዳር፦ ጎንደር ላይ የቀረው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጠ።

ይህን ሰሌዳ ማወቅ ጥቅሙ ፍርስራሽ ስታዩ ነው። ጎንደር በሃያ አንድ ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተቃጥላለች፤ መጀመሪያ በገዛ ንጉሥዋ፣ ቀጥሎ በድርቡሽ። ይህ ብቻ አይደለም፤ የመሬት መንቀጥቀጥም ነክቷታል፣ በጣሊያን ጦርነት ማብቂያ ላይም የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ጥሎባታል። የፈረሰውን ሁሉ ለአንዱ መስጠት በጉብኝት ላይ በብዛት የሚሰማ ስሕተት ነው፤ አንዳንዱ ሁሉንም ቴዎድሮስ አደረጉት ይላል፣ ሌላው እሳቸውን ለማዳን ሲል ሁሉንም ለድርቡሽ ያሸክማል። እያንዳንዱ ግድግዳ ፊት ቆማችሁ «ይህን ማን አፈረሰው፣ መቼ?» በሉ።

ቀኑን መምረጥ

ለዚህ ጉዞ የሚመቹት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት ወራት ናቸው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚኖር ከምሳ በኋላ ያለው ፕሮግራም ይበላሻል። ጥምቀት ሰሞን፣ ከጥር 9 እስከ 13፣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። በዓሉን ለማየት ከሆነ እሰየው፤ ነገር ግን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይታሰብ፣ ግንቡን ተረጋግቶ ማየትም አይቻልም።

ከሳምንቱ ቀናት ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆነ ቅዳሴው ወደ ቀትር ይገፋል። ቅዳሴ ላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ውስጥ መጎብኘት አይቻልም። በዓቢይ ጾምና በፍልሰታም እንዲሁ ነው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ፤ ከዚያ በኋላ ይከፈታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይደምቃል፤ የሕዝቡን ንግግርና የጎንደርን አማርኛ መስማት ለሚፈልግ ጥሩ ቀን ነው፣ ግን መኪናው ሁሉ ስለሚሞላ መመለሻ ያስቸግራል።

አንድ የማይታለፍ ነገር፦ በክልሉ የመንገድ ሁኔታ ከቀን ወደ ቀን ሊለወጥ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ማታና በዚያው ጠዋት መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮችንና ጎንደር ያለ ዘመድ ወይም ሆቴል ደውላችሁ ጠይቁ። ሾፌሮቹ «ዛሬ አንወጣም» ካሉ ጉዞውን አስተላልፉት። ትርፍ ገንዘብ ከፍሎ ሌላ መኪና መፈለግ ጥበብ አይደለም።

የሚያዝ ነገር

መታወቂያ ግድ ነው፤ ለፍተሻም፣ የአገር ውስጥ ጎብኚ መሆናችሁን አሳይታችሁ በአገር ልጅ ዋጋ ለመግባትም ያስፈልጋል። ዝርዝር ብር ያዙ፣ በተለይ ባለ አሥርና ባለ ሃምሳ። ባጃጁም፣ ሙዳየ ምጽዋቱም፣ ጫማ ጠባቂውም መልስ የለውም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ በሞባይል መክፈልም አይቻልም። የሚወልቅና ቶሎ የሚጠለቅ ጫማ አድርጉ። ሴቶች ነጠላ፣ ወንዶች ጋቢ ወይም ነጠላ ቢይዙ ለቤተ ክርስቲያንም ለማለዳው ብርድም ይሆናል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ይለበልባል። ኮፍያና አንድ ሊትር ውሃ አትርሱ። የግንቡ ውስጥ ደረጃ ጨለማ ስለሆነ ትንሽ ባትሪ ይጠቅማል።

መንገዱ

ከባሕር ዳር ጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ አስፋልት ነው፣ በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ግድም ይወስዳል። መናኸሪያ 11፡30 ድረሱ፤ 12፡00 ላይ ከሚወጡት ጋር ለመውጣት ነው። ሁለተኛው ዙር ትርፍ ሰው እስኪሞላ ሲጠብቅ ሰዓት ይገድላል። ታሪፉን ከረዳቱ አትስሙ፤ ከመናኸሪያው ትኬት ቆራጭ ጠይቁ።

ዓባይን ተሻግራችሁ ሐሙሲትን ካለፋችሁ በኋላ የፎገራ ሜዳ ይከፈታል። ዛሬ በሩዝ የሚታወቅ አገር ነው፤ አለቃ ገብረ ሃናንም ያፈራው ይኸው ፎገራ ነው። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ የሚገነጠለው መንገድ ደብረ ታቦር ይወስዳል። መጽሐፉን ካነበባችሁ ይህ መገንጠያ አይለፋችሁ፦ አፄ ቴዎድሮስ ጎንደር ላይ አልተቀመጡም፤ ደብረ ታቦርን ነበር የመረጡት፣ ሴባስቶፖል የተባለውም መድፍ የተሠራው ከዚያ አጠገብ ጋፋት ላይ ነው። ጎንደር ቤተ መንግሥት እያላት ንጉሥ ያጣችው ለምን እንደሆነ ማሰብ የሚጀመረው እዚህ መኪና ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ያለው አካባቢ ይፋግ ነው፤ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ»ን የጻፉት አለቃ ታየ ገብረ ማርያም የተወለዱበት። ከዚያ አዲስ ዘመን ከተማ ይመጣል፤ ብርሃኑ ካዘጋጀው ጋዜጣ ጋር በስም ይገናኛሉ። እንፍራዝ አካባቢ ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል፤ ከጎንደር ግንቦች በፊት በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ነው። ወርዳችሁ ለማየት አትሞክሩ፤ አቀበቱ ብቻ ሰዓታችሁን ይጨርሰዋል። ማክሰኝትንና አዘዞን አልፋችሁ 3፡00 ገደማ ጎንደር ትገባላችሁ።

መጀመሪያ የምታደርጉት፦ መመለሻ

ከመናኸሪያ ሳትወጡ የመጨረሻው የባሕር ዳር መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሁለት ሰው ጠይቁ፤ ከተቻለ ቦታ ያዙ። ከሰዓት በኋላ የሚወጣው መኪና ጥቂት ነው። ከ9፡30 በኋላ የተነሳ ሰው መንገድ ላይ ይመሽበታል፣ ማታ መጓዝ ደግሞ አይመከርም። እዚህ መመሪያ ውስጥ ያለው ሰዓት ሁሉ ከዚህ 9፡30 ወደ ኋላ ተቆጥሮ የወጣ ነው።

ባጃጅ ስትይዙ «ኮንትራት ነው ወይስ በሰው?» የሚለውን ቀድማችሁ ጨርሱ። ዝም ብሎ የተሳፈረ ሰው በኮንትራት ይቆጠርበታል። ከምሳ በኋላ ላለው ክፍል አንዱን ባጃጅ ቁስቋም፣ ፋሲል መዋኛና ፒያሳ ጠብቆ እንዲያዞራችሁ መነጋገር ሦስት ጊዜ ከመያዝ ይረክሳል፤ በተለይ ቁስቋም ላይ ወርዶ መመለሻ ማግኘት ያስቸግራል። ሒሳቡን መጨረሻ ላይ ክፈሉ።

ጃንተከል፣ 15 ደቂቃ

ግቢው ከመግባታችሁ በፊት ጃንተከል ዋርካ ሥር ቁሙ። አዋጅ የሚነገርበት፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ስፍራ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ የወጣው ቃል መጀመሪያ የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን የምትከፍቱት እዚህ ይሁን። አንድ ገጽ፣ ሕዝብ የሚናገርበትን ወይም ስለ ንጉሡ የሚያማበትን ክፍል መርጣችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አንብቡ። ብርሃኑ አጭር ዓረፍተ ነገር ስለሚጠቀም ለንባብ ያመቻል፤ በነጥቡ ላይ ቆም እያላችሁ ካነበባችሁት ቃሉ ከጋዜጠኛ እንደወጣ ይገባችኋል።

የፋሲል ግቢ፣ ሁለት ሰዓት

ትኬቱን አትጣሉት፤ በዚያው ቀን ለፋሲል መዋኛም ያገለግላል። ትኬታቸውን የጣሉ ሰዎች መዋኛው በር ላይ እንደገና ሲከፍሉ ይታያሉ። አስጎብኚ ከፈለጋችሁ በሩ ላይ ባጅ ያደረገውን ውሰዱ፤ ዋጋውንም ሰዓቱንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ «መጽሐፍ ይዘን ነው የመጣነው፣ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው» በሉት። የተለመደው ዙር አርባ አምስት ደቂቃ ስለሆነ ካልነገራችሁት ያጣድፋችኋል።

ግቢው ወደ 70,000 ካሬ ሜትር ይሰፋል፤ ዙሪያውን 900 ሜትር ግንብ ከቦታል፣ አሥራ ሁለት በር አለው። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1972 ዓ.ም. ነው። በሮቹ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፦ ጃን ተከል በር፣ ወንበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ እምቢልታ በር፣ እልፍኝ በር፣ ባልደራስ በር፣ ራስ በር፣ ሌሎችም። ስሞቹን በወረቀታችሁ ላይ ጻፉ። ማን በየትኛው በር እንደሚገባና እንደሚወጣ የሚናገሩ ቃላት ናቸው፤ ፈረሱ የሚቀርበው በባልደራስ፣ ተዝካሩ የሚበላው በተዝካሮ። ለታሪክ ልቦለድ አንባቢ ከግንቡ ቁመት ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ 32 ሜትር ከፍታ ያለውን የአፄ ፋሲልን ግንብ ከውጭ ዙሩት፤ ከዚያ ግቡ። ቀጥሎ የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት እዩ፤ እዚህ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸውን የብራና መጻሕፍት መቅደላ ላይ ሊሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ወሰዷቸው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ብዙዎቹን ጭኖ ሄደ፤ ዛሬ ለንደን ይገኛሉ። መጽሐፍ የተነጠቀች ከተማ ከሰባ ዓመት ግድም በኋላ ደራሲ ወለደች። ይህን ደራሲው ራሱ ጽፎት አይደለም፤ ቦታው ላይ ቆሞ ለሚያስብ ሰው ግን ከመጽሐፉ የማይለይ ነገር ነው።

ከዚያ የታላቁ ኢያሱ ግንብ። ጣሪያው የለም፤ ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና በኋላም የእንግሊዝ ቦምብ ነው እንጂ ቴዎድሮስ አይደሉም። የዳዊትን አዳራሽ፣ የበካፋን ግብር ቤትና የምንትዋብን ግንብ በዚሁ ቅደም ተከተል ጨርሱ። ግድግዳው ላይ የጥገናውን ልዩነት ልብ በሉ፦ ጣሊያኖች በሲሚንቶ የጠገኑት ለድንጋዩ የማይስማማ ሆኖ ስለተገኘ ኋላ በኖራ ተተክቷል። ጫፍ ላይ መውጣት፣ ግንቡ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። ዝናብ ከነበረ ድንጋዩ ያንሸራትታል።

መውጫው ላይ ሦስተኛውን ዓምድ ለመሙላት አሥር ደቂቃ ጥላ ሥር ተቀመጡ። «ማታ እጽፈዋለሁ» ያለ ሰው አይጽፈውም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ 45 ደቂቃ

ከግቢው በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከመጣችሁ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ ጎንደር እንደገባችሁ ቀጥታ እዚህ ኑ፣ ከዚያ ጃንተከልና ግቢው። ይህን ያላወቀ ጎብኚ ቀትር ላይ ደርሶ፣ በር ላይ የቅዳሴውን ዜማ ሰምቶ ይመለሳል።

አፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ የተከሉት ደብር ነው። ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይህ ተረፈ፤ የንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው ተብሎ ይነገራል። ስለዚህ የድሮዋን ጎንደር ቤተ ክርስቲያን ከነቀለሟ ለማየት የሚሻለው ስፍራ ይህ ነው። ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት የተሳለበትን ጣሪያ በአንገት ቀና ብሎ ከማየት ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ማየት ይሻላል፤ ዓይን ይለምደዋል፣ እያንዳንዱ ፊት ከሌላው እንደሚለይም ይታያል። የካሜራ ብልጭታ አይፈቀድም፤ ቀለሙን ይጎዳል። ስልካችሁ በራሱ እንዳያበራ ከመግባታችሁ በፊት አጥፉት። ወንድና ሴት በየበሩ ይገባል፤ ያልገባችሁ ነገር ካለ ከካህኑ ጠይቁ፣ «አባ» ብላችሁ።

ለዚህ ቦታ የሚሆነው ንባብ አጭር መሆን አለበት፤ ከውስጥ ሳይሆን ቅጽሩ ውስጥ ዛፍ ሥር። የኅዳር 1859ን ቃጠሎ እዚህ አስቡት። «አርባ አራቱ ታቦት» የምትባል ከተማ ናት። ቴዎድሮስ ከንጉሥነት በፊት በገዳም የተማሩ፣ መጽሐፍ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ያቃጠሉት የማያውቁትን አይደለም። የብርሃኑ ርእስ፣ ያ ዕንባ፣ ክብደቱ የሚሰማው እዚህ ጣሪያ ሥር ከተቀመጡ በኋላ ነው።

ምሳ፣ አንድ ሰዓት

ፒያሳ አካባቢ ብሉ። በጾም ቀን ሽሮና በያይነቱ በየቦታው አለ። ጥሬ ሥጋና ጠላ ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ከሰዓት በኋላ አቀበት አለባችሁ፣ ከዚያም ሦስት ሰዓት መኪና። ምግቡን ስታዙ መታጠቢያ ቤቱንም ተጠቀሙ፤ ቁስቋም ላይ አታገኙም።

ቁስቋም፣ አንድ ሰዓት

ከመሃል ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ኮረብታ ላይ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቤተ መንግሥትና ደብር ነበር፤ የእሳቸው፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም እዚህ አለ። ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥም በ1760ዎቹ እዚህ ተቀምጧል።

ጊዜ ያጠረበት ሰው ቁስቋምን ይዘላል። እኛ ግን ከመዋኛው ይልቅ እሱን እንመርጣለን፤ ምክንያቱም ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። ቋራ በእሳቸው ዘመን ጎንደር ቤተ መንግሥት ውስጥ በክብር ተቀመጠ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ የቋራ ሰው፣ ካሳ፣ ወደ ጎንደር መጣ፤ እናቱ ኮሶ ሻጭ ናት እየተባለ የተሰደበ። ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣለሁ» ብለው ፎክረው ሲሸነፉ ካሳ ያንኑ ኮሶ አጠጧቸው የሚለው ሲነገር የኖረ ታሪክም ከዚህ ንቀት የመጣ ነው። ጎንደር የናቀችው ልጅ ንጉሥ ሆኖ ተመለሰ። ከቁስቋም ፍርስራሽ ላይ ወደ ከተማው ቁልቁል እያያችሁ ይህን የሚነካ ገጽ ካላችሁ አንብቡ፤ ከሌላችሁ ዝም ብላችሁ እዩ። ከላይ ስትታይ ጎንደር ምን ያህል ጠባብ ወረዳ ላይ ሁሉንም እንደሸከመች ይታያል፦ ግቢው፣ ገበያው፣ ደብሮቹ።

ግድግዳዎቹ ሥር አትጠጉ፤ አንዳንዱ ድንጋይ ልቅ ነው። ልጆች ተከትለው «ላስጎብኝ» ሊሉ ይችላሉ። በቀስታ «አመሰግናለሁ» በሉ፤ ገንዘብ ለአንዱ መስጠት ሌላውን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ነው።

ፋሲል መዋኛ፣ ግማሽ ሰዓት

ትኬቱን አሳዩ። ከጥምቀት ውጭ ገንዳው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ ውሃው የሚመጣው ከቀሐ ወንዝ ሲሆን ለበዓሉ ይሞላል። ባዶውን ማየት የሚያሳዝናቸው አሉ፤ ግን የግንቡን ሥር ጨምድደው የያዙት የዛፎች ሥሮች በደንብ የሚታዩት ሕዝብ በሌለበት ጊዜ ነው። እዚህ ንባብ አያስፈልግም፤ እግር አሳርፉ።

ፒያሳ፣ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት

እስካሁን ያያችሁት ብርሃኑ በልቦለዶቹ የተረከውን ዘመን ነው። ፒያሳ ደግሞ እሱ ያደገበትን ያሳያል። የጣሊያን ጦር ጎንደር ሲገባ ሕፃን ነበር፤ በኅዳር 1934 ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ፊደል የሚቆጥር ልጅ። ጥጉ የተጠጋጋውን፣ ቢጫና ነጭ የሚቀባውን የፖስታ ቤት ሕንፃ፣ ሲኒማውን፣ ሱቆቹን የሠሩት በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ ነው። የአፄ ቴዎድሮስን ሐውልትም መሃል ከተማው ላይ ተመልከቱ፤ ያቃጠሏት ከተማ ሐውልት አቁማላቸዋለች። አንድ ስኒ ቡና አዝዛችሁ ወረቀታችሁን አውጡ፣ ሦስተኛውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ባዶ የቀረ መስመር ካለ ቦታውን ሳታዩት ያለፋችሁት ነው፤ ለሚቀጥለው ጉዞ ክበቡት።

ሰው ማናገር ከፈለጋችሁ ቡና የሚጠጡ አዛውንት አይጠፉም። «ጋሼ» ወይም «አባቴ» ብላችሁ፣ እጅ ነስታችሁ፣ ስለ መጽሐፉ ጀምሩ እንጂ ስለ ደራሲው ቤተሰብ አትጠይቁ። የሰማችሁትን የሰው ስም ጨምራችሁ በየገጹ አታሰራጩ።

ሰዓቱ ሲጣረስ

ከባሕር ዳር ዘግይታችሁ 4፡30 ላይ ጎንደር ከደረሳችሁ መዋኛውንና ሥላሴን ተዉ፤ ጃንተከል፣ ግቢው፣ ምሳ፣ ቁስቋም ይበቃል። ከ5፡30 በኋላ ከደረሳችሁ ማደር ይሻላል። ግቢውን በዚያው ቀን አይታችሁ ሌላውን ለማግስቱ አቆዩት። ያደረ ሰው አመሻሽ ላይ ወደ ጎሃ ሆቴል ኮረብታ ቢወጣ ከተማው በሙሉ ከፊቱ ይዘረጋል። ጠዋት 1፡00 ላይ ደግሞ የአቋቋም ትምህርት መናገሻ ወደሆነችው በአታ ለማርያም ቢሄድ ጽናጽልና መቋሚያ ይሰማል፤ ብርሃኑ በልጅነቱ የሰማት ጎንደር ድምፅዋ ያ ነው።

ዝናብ ከመጣ ቁስቋምን ሰርዙ፤ አፈሩ ይላቆጣል፣ ባጃጅም አይወጣም። በምትኩ ፒያሳ ላይ ንባቡን አርዝሙት።

9፡15 ሲሆን ወደ መናኸሪያ ተነሱ። በመኪናው ውስጥ ከመምሸቱ በፊት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን ስላላችሁ፣ ከጉዞው በፊት ሳታነቡ የተዋችሁትን የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ ለዚያ አስቀሩት፤ መንገዱ እስከ አዲስ ዘመን ስለሚጠማዘዝ ራሱ የሚዞርበት ሰው ከወረታ በኋላ ያለውን ቀጥ ያለ ሜዳ ይጠብቅ።